የአባቴን ስም ላረሙልኝ አርታኢ

ለተከበሩ፣ ለክብርዎ ስል ስምዎን ላልጠቀስኩት የአሳታሚ ድርጅት ዋና አርታኢ፤
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ እንዳይደክም፣ የእስክሪብቶዎም ቀይ ቀለም እንዳያልቅ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ንዴቴን ለማብረድ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ስለምመለስ፣ ፊደሌ ከተንጋደደ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልቦለዴን በድጋሚ ለማሳተም መፍቀድዎን፣ የቀረችውም «ትንሽ እርማት» ብቻ መሆኗን የገለጹበት ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል።

፩ኛ፦ በ2010፣ አገሩ ሁሉ ይለወጣል በተባለበት ዓመት ያመጣሁልዎን ረቂቅ በስምንተኛው ወር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ያስቀረው ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሙሐመድሁሴን» የሚለውን፣ የዋናውን ባለታሪክ የአሻግሬን አባት የገበሬውን ስም በቀይ ሰርዘው፣ የሙሐመድሁሴን ልጅ አሻግሬ ሊባል እንደማይችል፣ አንባቢም እንደማያምን አስረድተውኛል። አምባሰል ውስጥ ሙሐመድሁሴንና ጸዳለ ተጋብተው በአንድ ቤት እንደሚያረጁ፣ የልጁን ስም እናት ብታወጣም ማንም እንደማይደነቅ አስቀድሜ ባለመንገሬ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገበሬው አባቴ ነው፤ አሻግሬም እኔው ነኝ።

፪ኛ፦ እርማቱን እንቢ ስላልኩ ረቂቁ ቤት ተቀመጠ። በ2014 ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ እናቴን ይዤ በእግር ስወጣ፣ አባቴ ከብቶቹን ትቶ አልሄድም አለ። ረቂቁን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ጎተራው ውስጥ ከማሽላው ሥር ደበቀልኝ። ስንመለስ ማሽላው ተወስዷል፣ ጆንያው ከነወረቀቱ አለ፣ አባቴ የለም። የስኳር መድኃኒቱ አልቆበት ሞቶ ጎረቤት ቀብሮት ደረስን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

፫ኛ፦ መጽሐፉን ደሴ ያለ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አንድም ስም ሳይነካ አተመልኝ። የሐይቅ መምህራን፣ የውጫሌ ነጋዴዎች፣ ጅዳ ያሉ ልጆቻችን ሳይቀሩ ተቀባብለው አነበቡት፤ አላምንም ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። መነበቡን አይተው እርስዎም ስለወደዱት ደስታዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ትንሿ እርማት ያችው የአባቴ ስም ሆና ስላገኘኋት፣ «በዚህ ስሜት በተካረረበት ጊዜ» ካልተቀየረ አናትምም የሚለውን ቅድመ ሁኔታዎን በታላቅ አክብሮት አልቀበልም።

በሁለቱም ወላጆቼ ስም እጅ እየነሳሁ፣ ለእስክሪብቶዎ ረጅም ዕረፍት የምመኝ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ያልታደልኩ፣
አሻግሬ ሙሐመድሁሴን
ሐይቅ

ማስታወሻ፦ አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። የመለሱልኝን ገጽ እያገላበጠ ቀዩ መስመር ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ስሙን ወደውት እንዳሰመሩበት ነገርኩት። አልሐምዱሊላህ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በየሰላቱ ዱዓ ሲያደርግልዎ ኖረ። ከኅዳር 2014 ወዲህ ግን ከቤታችን ዱዓ የሚያደርግልዎ ሰው የለም።