አለቃዬ ቤት ቆመው የቀሩት ሽማግሌዎች

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ስልኬን ስለማያነሱልኝ ጻፍኩልዎ። የካንሳንጋ ሰፈር ሐበሻ ሙሉ «ሱሩርን ልጁ አዋረደችው» እያለ ነው አሉ። እርስዎም አምነው ይሆን?

ለቦይ ሥራ ተብሎ ሱቅዎ ሲፈርስ ካሳ ይገባኛል ብለው ከሰሱ፤ ደግ አደረጉ። ግን እዚህ አገር መንግሥትን የሚከስ ሰው የሚከሰው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ እንደዚያ ይላል። እኔ ደግሞ የእሱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስምዎን እንዳየሁ «ከሳሹ አባቴ ነው» ብዬ አስታወቅሁ፤ ጉዳዩንም ከእኔ አርቀው ለአለቃዬ ሰጡት። ይህን ስነግርዎ ሳቁብኝ። «ልጄ እዚያ እያለች እኔ ልንከራተት?» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ አለቃዬ ደወለ። «ተስኒም፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል። ወንበር ብሰጣቸው አይቀመጡም፣ ሻይም እምቢ አሉ። ምን አጥፍቼ ነው?» ሰውየው ደንግጧል። በቦዳ ሞተር ተፈናጥጬ ኪሱጉ ሰፈር ያለው ቤቱ ደረስኩ። ከሽማግሌዎቹ መሀል ጓደኛዎን ጋሽ ሸምሰዲንን ነጭ ለብሰው ሳያቸው የእርስዎ መልእክተኞች መሆናቸው ገባኝ።

«እሰይ፣ መጣሽልን! እሺ ካላለን አንቀመጥም በይው» አሉኝ። «የሱሩርን ነገር ለእኛ ሲል ይጨርስልን። ልጁም በእጅህ ያለች ልጅህ ናት በይው።»

«ምን እያሉ ነው?» አለ ቋንቋችንን የማያውቀው አለቃዬ።

አባቴ፣ «ሰላም ሊሉህ መጥተው ነው» ማለት እችል ነበር። ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ይሄድ ነበር። አላልኩም። አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። እሱም በትሕትና እስከ በር ሸኛቸውና በነጋታው ለበላዮቹ አስታወቀ። አሁን ከሥራ ታግጃለሁ፤ ሽማግሌዎቹን የላክሁት እኔ መሆን አለመሆኔ እየተጣራ ነው።

ጋሽ ሸምሰዲን «የጉቦ ሴንቴ አልሰጠንም፣ ለመንን እንጂ! ምን አጠፋን?» ይላሉ አሉ። ልባቸው ንጹሕ ነው፣ አውቃለሁ። የእኛ ሰው ያለ ሽማግሌ መቼ ታርቆ ያውቃል? ግን አለቃዬ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለውም። የያዘው የመንግሥትን ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ካጠፋም «አጥፍተሃል፣ ካስ» ብሎ መምከር ሥራው ነው። ምን ሊመክር እንዳሰበ አላውቅም፣ ማወቅም የለብኝም። አሁን ግን እውነቱ ከእርስዎ ጋር ቢሆን እንኳ፣ «ካሱት» ቢል በሽማግሌ ተይዞ ነው ይባላል። ከሥራዬ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

ሐሙስ እርስዎም ለማጣራቱ ይጠራሉ። ጠበቃዎ «ሽማግሌ ልኬያለሁ አይበሉ፣ ክስዎ ይበላሻል» እንዳለዎ ሰምቻለሁ። እኔም እንዲበላሽብዎ አልፈልግም፤ ያደግሁት በዚያ ሱቅ ነው። ግን ፈርቻለሁ አባቴ። እርስዎ ዝም ካሉ ጋሽ ሸምሰዲንም ዝም ይላሉ፤ ያኔ የላክሁት እኔ ሆኜ እቀራለሁ።

እኔ ያን ቀን ከእናንተ ቃል አንዲት አልቀነስኩም። ይህንን ብቻ ያስቡልኝ።

ቢናገሩም ባይናገሩም ልጅዎ፣
ተስኒም