“ወደቀ” ብቻ ይበል

ኅዳር 2
ስልሳ ሁለት ደብተር አርሜ፣ ጣቴ ቀይ ሆኖ ገባሁ። አባባ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። “ለእንዳላማው ሙት ዓመት ድንጋዩ መድረስ አለበት” አሉኝ። የወንድሜ መቃብር እስካሁን ስም የለውም። አራት ዓመት! ስንፍና ነው? አይደለም... ሁለታችንም ስንሸሸው ኖርን።

ኅዳር 4
ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። እብነ በረድ ላይ ስም የሚቀርጸው ፈቃዱ ዘንድ። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ አቧራ ለብሷል። የአባባን ወረቀት ሰጠሁት።
“አስር አለቃ እንዳላማው ኃይለ ሚካኤል። ሲዋጋ ወደቀ።”
መሮውን ሲያነሳ፣ “ቆይ፣ አትጀምር!” አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

ኅዳር 5
እዚህ እንኳ ልጻፈው። እንዳላማው ሲዋጋ አልሞተም። ቁስለኛ ሊያመጡ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ጉም ውስጥ ከተራራ ጋር ተላተመ። የተኮሰ የለም። የጦር ጓደኛው ዘመነ ነው በቀብሩ ሳምንት የነገረኝ። “ለአባባ ትንፍሽ እንዳትል” ብዬ በሚካኤል አስማልኩት። ለቀስተኛው “ጀግና ወልደዋል” እያለ ሲያጽናናቸው እኔ ምን ብዬ አፌን ልክፈት?
ደግሞ ዛፍ መውጣት የሚፈራ ልጅ! መጀመሪያ የበረረ ቀን ደውሎ፣ “ወለላዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ” አለኝ። ስንስቅ... እየፈራ መሄዱ ጀግንነት አይደለም? ናፈቀኝ።

ኅዳር 8
ፈቃዱ ደወለ። “እህቴ፣ ልጀምር ወይስ ልተወው?”
ውሸት አስቀርጬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላቁም? አባባስ? ያቺ “ሲዋጋ” የምትል ቃል ናት ቀጥ አድርጋ ያቆመቻቸው።

ኅዳር 9
ነገርኳቸው። ጠዋት፣ የጫማቸውን ክር ሲያስሩ። “አባባ፣ እንዳላማው ሲዋጋ አልነበረም...”
ክሩን አስረው ጨረሱ። “ጉም ነበር አሉ” አሉኝ።
“ማን ነገረዎት?!”
“ዘመነ ነዋ፣ በቀብሩ ሳምንት። ለወለላ ትንፍሽ እንዳትል ብዬ አስምዬው ነበር። እንድትጽናኚ ብዬ ነው፣ ልጄ።”
ምስኪን ዘመነ! ሁለት መሐላ ተሸክሞ... ለካ ቤታችን መምጣት የተወው ለዚህ ኖሯል።
ሳቅሁ፣ ወዲያው አለቀስኩ። አባባም አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሱም ነበር።
“ድንጋዩስ?” አልኳቸው።
በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ቅኔ ቀምሰዋል። ትንሽ አሰቡና፣ “‘ሲዋጋ’ን ሰርዢው። ‘ወደቀ’ ብቻ ይበል። ሰሙን አላፊ አግዳሚው ይውሰድ፣ ወርቁ የኛ ነው” አሉ።

ኅዳር 14
ሙት ዓመቱ። ድንጋዩ ቆመ። ዘመነን ጠርተነው ከጉንደ ወይን መጣ። ጽሑፉን አነበበ። አባባን አየ፣ እኔን አየ...
“ከመሐላህ ፈትተንሃል” አሉት አባባ።
እዚያው ሣሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። ከዚያ ወሬው መጣ። ቤት ገብተንም የእንዳላማውን ስም ጮክ ብለን ስንጠራ ዋልን። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።
እንዳላማው የሞተ ዕለት ሲሳፈር ቀልዶ ነበር አለን ዘመነ። “ዛሬስ ዓይኔን አልጨፍንም፣ ማርቆስ ትታይ እንደሆን ልይ” ብሎ።
አባባ እንባቸው እየወረደ ሳቁ።
“በዚያ ጉም ምን ሊያይ ኖሯል፣ ይሄ ሞኝ ልጄ!”