የገበጣው ሽንብራ

ብዙነህ፣

ከቀብር ስትመለስ አታገኘንም። ልጃችንን አስቻለችን ይዤ መካነ ሰላም ሄጃለሁ፤ የእርዳታ እህል ገብቷል ይላሉ።
በቅሉ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ማታ በሩን ደህና አድርገህ ዝጋ፤ ጅቡ ደፍሯል።

መሠረተ ትምህርት ግባ ሲሉህ ገበጣህን መርጠሃልና ይህን የሚያነብልህ ያው የጨዋታ ጓደኛህ አሻግሬ ነው። ጮክ ብሎ ያንብበው።

በከረጢት ያስቀመጥከውን የገበጣ ሽንብራ ቀቅዬ ልጅህን አበላኋት። ቤት ውስጥ የቀረው እህል እሱ ብቻ ነበር። ለአንተ አላስተረፍኩም።

ትናንት አጠገብህ ኩርምት ብላ "አባ፣ እኔንም አጫውተኝ" ስትልህ "ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ" አልካት። ርቧት አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ብታደርግ በጣትህ ፈልቅቀህ አወጣህባት። በጋቢህ ጠርገህ ወደ ገበጣው መለስካት፤ ጨዋታው እንዳይጎድልብህ።

እኔም እያየሁ ቤቱን መጥረጌን ቀጠልኩ።
እሱን ተወው።

ከረጢቱን ባዶውን አልተውንብህም፤ ጠጠር አለበት። የሞላሁት ግን እኔ አይደለሁም። አስቻለች ናት ከደረቀው ወንዝ ለቅማ የሞላችልህ፣ "አባ ጨዋታው እንዳይቀርበት" ብላ።

ፈንታዬ