ማንኪያ ሲወድቅ የሚባለው

የካቲት 9፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም አልተሳካም። የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ግማሽ ሳላደርስ የውሃ ቦቴው መጥቶ ጡሩንባውን በሩ ላይ ለቀቀው። ቱቦ ያዝኩ። በርሜሉ ሲሞላ የት ላይ እንዳቆምኩ ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው። የቤቱ ልጅ ሰጋል ነቃች። ተውኩት።

ዐቢይ ጾም ዛሬ ገባ። የንስሐ አባቴ ትናንት ከሞጣ በስልክ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ? ሰባቱን የጸሎት ጊዜ መጠበቅ ካቃተሽ ጸሎቱን ከሥራሽ ጋር አላምጂው። እሳቸው ምን አለባቸው፤ ደጃቸው ላይ ደወል አለ። እዚህ ሀርጌሳ ለእኔ ማን ይደውልልኛል? ቅዳሴ የለ፣ ቄስ የለ። ያለው በርሜል ነው።

ተናደድኩ። በጾም መጀመሪያ ቀን ንዴት። ይቅር ይበለኝ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ ከሰዓት

ረመዳን ገብቷል። ቤቱ ሁሉ ጿሚ። እመቤቴ ሆዳን ጾማ ቢሮ ትሄዳለች። አማቷ፣ ሁላችንም አዬዮ የምንላቸው አያት፣ ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ማዕድ ቤት ለማፍጠሪያ የሚሆን የሳምቡሳ ሥጋ እጠብሳለሁ።

ጨው ማን ይቅመስ? እነሱ አይቀምሱ። እኔ ጾም ባይኖርም የእነሱን ሥጋ አልበላም። ከብቱ ሲታረድ ቢስሚላህ ተብሎበታል፤ እኛ ደግሞ በስመ አብ ያልተባለበትን አንነካም። አገር ቤትም እንዲሁ ነው፣ የእነሱ ለእነሱ፣ የእኛ ለእኛ። እዚህ ግን የእኛ የሚባል ሥጋ የለም። ፋሲካን እንኳን በእንቁላል ነው የምፈታው።

ስለዚህ የቤቱ ጨው ቀማሽ ሰጋል ናት። አራት ዓመቷ ነው። ማንኪያውን ትልሳለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታስባለች፣ ከዚያ ትፈርዳለች። ጨው ያንሰዋል፣ ሰውዴ። ዘውዴ ማለት አትችልም፤ ዘ በእነሱ ቋንቋ የለም። ቀኑን ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ትዞራለች። ምን ልደብቅሽ፣ እወዳታለሁ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ተገኘ። ደወሌ ተገኘ።

አዛን ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። አዬዮ ወደ ሰሜን ዞረው ይሰግዳሉ። ማንም አይጠራኝም፣ ሻይ አምጪ የሚል የለም። ያቺ ጊዜ የእኔ ናት። የማዕድ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ፣ በርሜሉ አጠገብ ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አቡነ ዘበሰማያት። ጠዋት፣ ቀትር፣ ከሰዓት፣ ማታ። የእነሱ አዛን ይጠራኛል፣ እኔ የእኔን ጌታ እጠራለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ይሳቁ ይቆጡ አላውቅም። አልነግራቸውም።

ድምፅ የለም። ማማተብም የለም፣ በጣቴ ቀሚሴ ላይ ብቻ። ሰው ቤት ነኝ፣ ልኬን አውቃለሁ። ዛሬ ደስ ብሎኛል። ጻፊልኝ እንግዲህ፣ ደስ ብሏት ነበር ብለሽ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ



ፔርሙዙ ከሰጋል እጅ አምልጦ ተከሰከሰ። ሮጥኩ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። ቀኝ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ በስማብ አለች።

ከየት አመጣችው? ከየት ይሆናል፣ ከእኔ ነዋ። ግን እንዴት? አፌ ዝግ ነው ብዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳውጠነጥን ዋልኩ። ማታ ብርጭቆ ሳጥብ ገባኝ። ልጅቷ ጸሎቴን አልሰማችም። የሰማችው ሌላውን ነው። ዘይት ሲፈናጠር፣ ድመት ስትዘል፣ ማንኪያ ሲወድቅ፣ በስመ አብ ብዬ አማትባለሁ። አስቤበት አይደለም። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ የሰፈራችን ሴት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው ወይኔ እንደሚለው ነው። የተጠነቀቅኩለትን ጸሎት ማንም አላየብኝም። ያልተጠነቀቅኩለት ልጅቷ አፍ ውስጥ ገባ።

እጇን ቀስ ብዬ ከግንባሯ አወረድኩት። ጨዋታ መሰላት። መልሳ አወጣችው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

አዬዮ ሰሙ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ምን ሆነ መሰለሽ? አለቀሱ።

ሰጋል አባቷን እየጠራች ነው አሉ። በእነሱ አባት ማለት አቦ ነው፤ ከበስማብ ውስጥ የሰሙት እሱን ብቻ ነው። እጇን ግንባሯ ላይ የምታደርገውስ? አባቷ ከሩቅ ሲመጣ ለማየት፣ ፀሐይ እንዳይወጋት። አባቷ ራሺድ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ካየችው ቆይታለች። ልጄ አንጀቷ ተላወሰ ብለው አቅፈው ሳሟት።

እኔስ? ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ናፍቋት ነው አልኩ። አብ ማለትም እኮ አባት ማለት ነው፣ ሙሉ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። ከአዛኑ በኋላ በርሜሉ ጋ ቆሜ አንድ ቃል አልመጣልኝም።

የካቲት 20፣ አርብ

ዕረፍቴ። ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ስንዱ ጋ ሄድኩ። እሷም እንደኔ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ አርብ አርብ የኪራይ ክፍሏን በር ዘግተን በሹክሹክታ እንጸልያለን። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። አዬዮ እንዴት እንዳለቀሱ ስነግራት ሳቋ ቆመ። ልጅ ሃይማኖት አስተማረች ከተባልሽ ከሥራ መባረር ብቻ እንዳይመስልሽ አለች። ትታሰሪያለሽ፣ ከዚያ ድንበር ላይ ነው የሚጥሉሽ። አንድ አማርኛ የሚያውቅ ጎረቤት ይበቃል።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ። አባትየው አማርኛ ይችላል ወይ? ድሬዳዋ ያደገ ሰው። ከእኔ አሳምሮ ይችላል።

ወደ ሰፈሬ ማሕሙድ ሃይቤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያየኝ መሰለኝ።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ራሺድ ደወለ፤ በቪዲዮ። አዬዮ ስልኩን ሰጋል ፊት ደቀኑት። በይ ለአባትሽ አሳዪው። ሰጋል ምን ገዷት። ግንባሯ፣ ደረቷ፣ ግራ ትከሻዋ፣ ቀኝ ትከሻዋ። በስማብ። አንድም አላዛነፈችም።

የራሺድ ፊት ደርቆ ቀረ። ኔትወርኩ የቆመ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለእናቱ ፈገግ አለ፤ እኔንም ናፍቃኛለች አላቸው። እግዜር ይስጠው፣ እዚያ ጋ አላዋረደኝም። ሊዘጋ ሲል ነው በአማርኛ የተናገረው።

"ዘውዴ፣ አለሽ?"

አለሁ ጋሼ አልኩ።

"ስመጣ እናወራለን።"

ይኼን ብቻ። ለዒድ ይመጣል የተባለው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አለ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

አዛን ሲል ልቤ ይመታል። ለጸሎት አይደለም። አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ አውሮፕላኑ ይዘግይ። ለዚህ ነው ጸሎት ያስተማሩኝ?

አፌን ለመያዝ ብዙ ሞከርኩ። ዛሬ የድስት ክዳን ወደቀ። በስመ አብ አልኩ። ስላልኩት ደነገጥኩና ደግሜ በስመ አብ አልኩ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ሰጋል አይታ አብራኝ አለቀሰች፣ ለምን እንደምታለቅስ እንኳን ሳታውቅ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

መጣ። ቤተሰቡ በሙሉ አየር ማረፊያ ሄዶ ተቀበለው። እኔም ሄድኩ፤ ሰጋልን ማን ይይዛታል? ደርሶ ሲያነሳት ደንግጣ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። ራሺድ እጇን በአየር ላይ ያዘና ሳመው። አዬዮ እያዩ፣ ጠራችህ አይደል አሉት። ጠራችኝ አለ። እኔን አላየኝም። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ አንድ ጊዜም አላየኝም።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ ከሰዓት

ጠራኝ። ግቢ ውስጥ፣ አዬዮ ተኝተው፣ ሆዳን ቢሮ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ድሬ ጎረቤቶቹ በስመ አብ እያሉ እንዳደገ፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ እንዳማተበና እናቱ እንደገረፉት ነገረኝ። አዬዮ ያኔ ያውቁት ነበር፤ አሁን እርጅናው ነው ያስረሳቸው። ቢያስታውሱ ምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። ሰጋል ለትምህርት እየደረሰች ነው። ክፍል ውስጥ እርሳስ ወድቆባት ብታማትብ ለማን ያስረዳል?

አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ ግን አስቤ አይደለም አልኩት። እውነቴን ነው።

"አውቃለሁ። አትጸልዪም አላልኩሽም። ከአንቺ የለመደችውን ግን ከአንቺው ትርሳ። ዕቃ ሲወድቅ ቀድመሽ ቢስሚላህ በዪ። መጀመሪያው እኮ አንድ ነው። እስከ ዒድ ትለምደዋለች።"

በስመ። ቢስሚ። አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። እውነቱን ነው፣ መጀመሪያው አንድ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ሌላው ቢሆን ፖሊስ ይጠራብኝ ነበር። እሱ የሚጠይቀኝ አንዲት ቃል ነው። ግን ለዚያች ቃል ብዬ አይደል ስንት ፋሲካ ያለ ሥጋ የዋልኩት? ሥጋው ላይ ተባለ ብዬ ያልነካሁትን በገዛ አፌ ልበለው?

ላስብበት አልኩት። እሺ አለ።

መጋቢት 4፣ አርብ

ስንዱ ጋ አልሄድኩም። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አዛኑንም ጭምር። ስለ አዛኑ አልተቆጡም። ቢስሚላህ ልበል ወይ የሚለውን እንዲፈርዱልኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ሌላ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ዕቃ ሲወድቅ በስመ አብ ያልሽው እየጸለይሽ ነበር ወይስ ደንግጠሽ?"

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር አይገባም። ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ተናደድኩባቸው። መልስ ፈልጌ ደውዬ ጥያቄ ጨምረውብኝ ሄዱ።

ደንግጬ ነበር። ሁልጊዜም ደንግጬ ነው። እንግዲህ የምሟገተው ለየትኛው ቃል ነው? እኔ ራሴ ባዶውን ስወረውረው ለኖርኩት?

ቢሆንም ያኛውን አልልም። ለምን እንደሆነ ለራሺድ ማስረዳት አልችልም። ለአንቺም አልችልም። ዝም እላለሁ። የእኔንም አልል፣ የእሱንም አልል። ዕቃ ይውደቅ፣ እኔ ዝም። እሷም ትረሳዋለች።

መጋቢት 6፣ እሑድ ከሰዓት

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ትናንት ብርጭቆ ተሰበረ። ጥርሴን ነክሼ ስብርባሪውን ጠረግሁ። ሰጋል እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ፊቴን ታያለች። ምንም አልሰጠኋትም። ተቆጥተሽኛል ወይ አለችኝ በሶማሊኛ። አልተቆጣሁም አልኩ። አላመነችኝም።

ዛሬ ማንኪያ መጣል ጀመረች። ሆን ብላ። ትጥላለች፣ ታየኛለች። አነሳለሁ፣ ዝም። ትጥላለች። አነሳለሁ። ሳምቡሳው ጨው ይፈልጋል፤ ቅመሺልኝ ብላት እምቢ አለች። እኔ ያንን ካላልኩ እሷ ላትቀምስ። በዚህ ዕድሜዋ አድማ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ማንኪያውን ሳነሳ መጣች። እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። በእሷ ግንባር ላይ አይደለም፣ በእኔ። ከዚያ ደረቴ ላይ፣ ግራ ትከሻዬ፣ ቀኝ ትከሻዬ። በስማብ አለችልኝ፤ ረስቼው እያስታወሰችኝ። እጇ የሊጥ ዱቄት ነበረው። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። በሆዴ እስከ መጨረሻው አደረስኩት፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። ምንም የወደቀ ነገር አላስደነገጠኝም። አብ የሚለው ቃል አባትን መጥራት መሆኑን በዕድሜዬ ዛሬ ነው የሰማሁት። አዬዮ ትክክል ነበሩ፤ ልጅቷ አባት እየጠራች ነበር።

ቀና ስል ራሺድ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ሰጋልን በቁጣ አንስቶ እጇን በቀሚሷ ጠረገው። ሰውዴ፣ ሰውዴ እያለች እየጮኸች ወሰዳት።

እሱ ሲገረፍ ያደገበትን ነገር እሷ እንድትገረፍበት አልፈልግም። ዝምታዬም አልጠቀመ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር የባሰ ትፈልገዋለች። እኔ እዚህ እስካለሁ አትረሳውም። ስለዚህ ወሰንኩ። ዛሬ ካፈጠሩ በኋላ ሳይጠራኝ ሄጄ እነግረዋለሁ። ዒድን አልጠብቅም። ነገ ልብሴን ይዤ ስንዱ ጋ እገባለሁ። ለአዬዮ አገር ቤት ጠርተውኝ ነው ይበላቸው። ለሰጋል ምን እንደሚላት አላውቅም። እሱን ማሰብ አልችልም አሁን።

አዛን ሊል ነው። ሳምቡሳውን ሳልቀምሰው፣ ማንም ሳይቀምሰው ልጠብሰው ነው። ሰጋል አምልጣቸው ተመልሳ መጥታለች፤ ኮቴዋን ሰማሁ። ማዕድ ቤት ማንኪያ ወደቀ። ድምፅ የለም። እየጠበቀችኝ ነው።