ስለ አዋላጇ ቤትና የእግዚአብሔርን ፈቃድ ቀድሞ ስላወቀው ኮሚቴ

ይድረስ ለክቡር አባታችን፣ ለቁምስናችን ቆሞስ፤
በግልባጭ፦ ለንብረት ኮሚቴው አባላት፣ ባሉበት

ክቡር አባታችን ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ በስብሰባ ብዛት የተጎዳው ወገብዎ እንዲሻልዎ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ሁሉ ሰላማዊ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የመሠዊያ ጨርቅና የቅዳሴ ልብስ ስጠግን የኖርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመላለስ ሦስቴም «ጸሎት ላይ ናቸው» ተብያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቤት ያወረሱን አንዲት አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው ተቀብለው፣ ራሳቸው ሳይወልዱ አርጅተው ሲሞቱ፣ ቤቱ ጧሪ የሌላቸው ሴቶች ማረፊያ እንዲሆን ተናዘዙ። እስካለፈው ወር ድረስ ሦስት እናቶች ይኖሩበት ነበር፤ የካህናቱ የቀድሞ ወጥ ቤት፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር፣ እና በሆስፒታል አጣቢነት ያረጁት አክስቴ። ከዚያ በአንድ እሑድ፣ በቅዳሴ ማብቂያ ላይ በተነበበው የንብረት ኮሚቴው ዜና፣ ቤቱ ለሶፋና ለአልጋ ነጋዴ መከራየቱን፣ ይህም «ከዘጠኝ ቀን ጸሎት በኋላ የተገለጠ የእግዚአብሔር ፈቃድ» መሆኑን ሰማን።

ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. በጸሎቱ ሁለተኛ ቀን አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር «ጣሪያው ሊጠገን ነው» ስላሉኝ፣ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔው ነኝ፤ እንዲያውም ግድግዳው ላይ አጥብቄ ያዝኩለት። ለካስ እኛ ተንበርክከን «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህን ግለጽልን» ስንል፣ ሰውየው የሱቁን የመስታወት በር ስፋት እየጻፈ ነበር። እግዚአብሔር በዘጠነኛው ቀን የሚናገረውን በሁለተኛው ቀን የሚያውቅ ኮሚቴ ስለሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህ ለነቢያትም አልተቻላቸውም።

፪ኛ. እርስዎና ሊቀ መንበሩ የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጥታችሁ ውጡ ልትሏቸው በመጣችሁ ዕለት፣ አክስቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሚሰማው ጆሯቸው አዳመጡዎት። ከዚያም «አባ፣ እኔም በየቀኑ ከእግዚአብሔር ጋር እነጋገራለሁ። ስለ ቤቱ ግን ምንም አላለኝም» አሉ። ሊቀ መንበሩ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «እማማ፣ ፈቃዱን ለመለየት ትሕትና ያስፈልጋል» አሏቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደም ከአንሶላ ሲያጥቡ፣ እጃቸው በበረኪና ተልጦ ላለቀ ሴት ትሕትናን ስላስተማሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ. ኦፕሬተሯን የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ሩቅ ከተማ ወሰዳቸው። ወጥ ቤቷ ማንም ስለሌላቸው «ለጊዜው» ተብለው በአዳራሹ ዕቃ ማስቀመጫ፣ በተደራረቡ ወንበሮች መካከል ፍራሽ ተነጠፈላቸው። ሾርባ ይዤላቸው ስሄድ «ለስብሰባ ወንበሮቹን ሲፈልጓቸው እኔን የት ያደርጉኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ሾርባውንም አልነኩትም። በገቡ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሞቱ።

የቁምስናው የማስታወቂያ ወረቀት በማግስቱ «በእግዚአብሔር ፈቃድ አረፉ» ብሎ ጻፈ።

አባታችን ሆይ፤ እዚህ ላይ ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ አንገሸገሸኝ። ኪራዩም ፈቃዱ፣ ማስወጣቱም ፈቃዱ፣ በወንበር መካከል መሞትም ፈቃዱ ከሆነ፣ እናንተ ምን ሠርታችሁ ነው ስብሰባው ወገብ የሚያሳምመው? እኚያ እናት የሞቱት በእናንተ ፈቃድ ነው። በእኔም ዝምታ፤ ሜትሩን ይዣለሁ፣ ዜናው ሲነበብም አፌን ይዤ ወጥቻለሁ። ይህን ኃጢአቴን ሌላ ቁምስና ሄጄ ተናዝዣለሁ። እዚህ ለመናዘዝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተጸየፍኩ።

አክስቴ አሁን በእኔ መሥሪያ ክፍል፣ በስፌት መኪናውና በመስኮቱ መካከል ይተኛሉ። የአዋላጇን ኑዛዜ ግልባጭ ከአርባ አንድ ምእመናን ፊርማ ጋር ለብፁዕ ጳጳሳችን ልከናል፤ መልስ አልመጣም። ሱቁ ግን ቅዳሜ ተከፍቷል፤ እርስዎም በጸበል ባርከውታል። አክስቴ ይተኙበት በነበረው ክፍል አሁን ማንም የማይተኛበት ባለ ሁለት ሰው አልጋ ተዘርግቷል፤ ፕላስቲኩም አልተነሣለትም።

የተቀደሱ እጆችዎን ከሩቅ እየተሳለምኩ፣ ለኮሚቴውም ረጅም ዕድሜንና የዕድሜውን ማለቂያ የሚያስብበት ጊዜ እየተመኘሁ፣

የቁምስናው የቀድሞ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ትናንት አክስቴ «ቤቱን ከውጭ ልየው» ስላሉኝ ይዣቸው ሄጄ ነበር። የሱቁ ዘበኛ እዚያ መቆም በእርስዎ ትእዛዝ እንደተከለከለ ነገረን። ሲነግረን ግን ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም፤ ቆቡን አውልቆ፣ የራሱን መቀመጫ አምጥቶ ከአጥሩ ውጭ አስቀመጣቸው። ከሁላችሁም ያፈረ እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎን ከሥራ እንዳያባርሩት።