እናትሽ ያቀላችው ምንጣፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከመኪና ማጠቢያው፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

ደህና መሆንሽን እሁድ ከድምፅሽ ስለሰማሁ ደህና ነሽ ወይ እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። እኛም ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አላላትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ካንቺ ጋር በስልክ መከራከር አይቻልም። «ቆይ አባዬ፣ አባዬ ቆይ» እያልሽ ነገሩን ከአፌ ትነጥቂኛለሽ፤ ይሄን አመል ከማን እንደወረስሽው ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀት ላይ ጣልቃ አትገቢብኝም። እስኪ ቁጭ በይና እንደ ጨዋ ልጅ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ማጠቢያውን እንድዘጋው ነግረሽኛል። ስትመጪ ማሽኖቹን ሸጠን ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት እንድናስረክብ፣ እኔም እቤት አርፌ እንድቀመጥ። በክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ። የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን የመኪና ምንጣፍ ጉድ እናትሽ አንድም ሳታስቀር ነግራሻለች። ግራጫ ነበር፤ እኔም ግራጫ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። በበጠበጥኩት ቀለም ውስጥ ቀይ እንደገባ አላየሁም። ሰውዬው የመኪናውን በር ከፈተና «ጋሼ፣ የእኔ መኪና መቼ ነው ወይን ጠጅ የሆነችው?» አለኝ። «ምኑ ነው ወይን ጠጅ?» ብዬ ሙግት ገጠምኩት። ሁለቱ አጣቢዎች እየሳቁ ወደ ጓሮ ሸሹ። የእነሱን ሳቅ ስሰማ ነው ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት።

ሐኪሟ ዓይኔ ቅርጹን ሁሉ እንደሚለይ፣ ቀለም የመለየት አቅሙ ግን እየደከመ እንደሆነ፣ ይሄም መድኃኒት እንደሌለው ነገረችኝ። መኪና የሚያጥብ በየመንገዱ አለ። እኛ ቤት ሰው የሚመጣው ፀሐይ የመጠጠውን ምንጣፍ ወደ ድሮ ቀለሙ ስለምንመልስ ነው። ቀለም የማይለይ ሰው ይሄን እሠራለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ አንቺ ሳትነግሪኝም በልቤ ልዘጋው ቆርጬ ነበር። አሁን ግን አልዘጋውም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ኮስታራውን አልረሳሽውም መቼም፤ ያንን የሙሽራ መኪና የሚያከራየውን፣ ጥርሱን ለፎቶ እንኳ የማያሳየውን ሰውዬ። ባለፈው ወር ያቺን ረጅም ነጭ አሮጌ መኪናውን ይዞ መጣ። ከውጭ ስታያት ታምራለች። ውስጧ ያለው ቀይ ምንጣፍ ግን በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ፈዟል፤ በሩ አጠገብማ በተረከዝ ብዛት ተልጧል። የእግር ምንጣፎቹም ጠርዛቸው ተተርትሯል። አጣቢዎቹ ናቸው የነገሩኝ እንጂ ለእኔ ቀይነቱም መፍዘዙም እኩል ነው።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሰው ዓይናቸው ደክሟል ይለኛል። እኔ በወሬ አልሄድም። ይሄ ከተመለሰ የቀሩትንም መኪኖቼን አመጣልዎታለሁ። የማይሆን ከሆነ ግን አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ አውልቄ ላስቲክ አለብሳታለሁ።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝና «ይመለሳል» አልኩት።

ለእናትሽ ስነግራት ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ። ግልምጫዋ እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቂያለሽ።

ወንበሮቹን ፈተን ምንጣፉን አወጣነው። አቧራውን በመምጠጫ አወጣን፣ በሻምፖ አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። እርጥበት ያለበት ምንጣፍ ቀለም ሲነካው ይዥጎረጎራልና ጣትሽን እስከ ሥሩ ሰደሽ መድረቁን ማረጋገጥ አለብሽ። እስከዚህ ድረስ ዓይን አያስፈልግም፤ እጄ ይበቃል። ከዚያ የዱቄት ቀለሙን ሳህን ውስጥ በሞቀ ውሃ መበጥበጥ ጀመርኩ። ጣሳዎቹ ላይ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ምን ያህል እንደሚገባ ግን ጽሑፍ አይነግርሽም። እያማሰልኩ፣ እያየሁ፣ ምንም ሳይታየኝ ላብ አጠመቀኝ።

እናትሽ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥላ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ሳህኑን አየችው።

«ይሄ ለሙሽራ ነው ለሬሳ?»

«ቀይ ነው» አልኳት።

«ቀይ ነበረ። ጥቁሩን ዘርግፈህበታል። ዞር በል እስቲ፣ አንተ ሰውዬ።»

ዞር አልኩላት። ልጄ፣ እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ፣ ክር ከጨርቅ ጋር ስታመሳስል የኖረች ሴት ናት። የትምህርት ቤት ሹራብሽ ክርኑ ላይ ሲቀደድ እሷ የጠቀመችበትን ቦታ አንቺ ራስሽ ፈልገሽ አታገኚውም ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን እቤቴ ቁጭ ብሎ እኔ ለመዝጋት ከመቁረጤ በፊት ቀለም የሚለይልኝ ሰው ከየት ልቅጠር እያልኩ አጠያይቅ ነበር። ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም መሰለኝ፣ ዓይኑ ደህና ሆኖም።

ሳህኑን ይዛ በር ላይ ወጣች፤ በአምፖል ብርሃን ቀለም አይለይም ብላ። እኔም የወንበሩ እግር የተቀመጠበትን ቦታ አሳየኋት። እዚያ ፀሐይ ደርሶ አያውቅም፤ ምንጣፉ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም እንዳለ አለ። ጎንበስ ብላ ትክ ብላ አየችውና «ይሄ ቀይ ብቻ አይደለም እኮ፣ ውስጡ ብርቱካን ብርቱካን ይላል» አለች። ብርቱካን! እኔ ዓይኔ ደህና በነበረ ጊዜም ልብ የምለው ነገር አልነበረም።

እሷም ግን ያላወቀችው ነገር ነበር። አዲስ በጥብጣ ጠርዙ ላይ ነካ አደረገችና «ገጠመ!» ብላ ጮኸች።

«ይድረቅ» አልኳት።

«ገጥሟል ስልህ!»

«ይድረቅ ብዬሻለሁ፣ አንቺ ሴት!»

በፀጉር ማድረቂያ ስናደርቀው ቀለሙ ሳሳ። «ሮዝ ሆነ እኮ!» አለች እናትሽ። ቀለም እርጥብ ሲሆን ደመቅ ብሎ ያታልላል፤ ይሄን ለማወቅ ስንቱን ምንጣፍ አበላሽቻለሁ። እሷ ቀለሙን ታያለች፣ እኔ ቀለሙ ሲደርቅ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ባለሙያ እንወጣለን። ይሄን ስነግራት «የአንተ ድርሻ ትንሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ሆነ። እኔ እየረጨሁ በብሩሽ ወደ ላይም ወደ ታችም እፈትጋለሁ፤ እሷ «እዚህ ጋ ሳሳ፣ እዚያ በዛ» እያለች ታሯሩጠኛለች። የእግር ምንጣፎቹን ጠርዝ በስፌት መኪናዋ አዲስ ከፈፈችው። መጨረሻ ላይ ነጭ ጨርቅ አርጥበን ምንጣፉን በደንብ አሸነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ነውና የሚያርፍበት፣ ቀለም ከለቀቀ አለቀልን። እናትሽ ጨርቁን ገልብጣ ገልብጣ አየችና «ነጭ ነው» አለች። ነጭማ እኔም አያለሁ።

ኮስታራው በቀጠሮው መጣ። አጣቢዎቹ ሥራ የያዙ መስለው አንዷን ጎማ ሁለት ሆነው ያጥባሉ። በሩን ከፈትኩለት። ምንጣፉን አይቼ የምረዳው ነገር ስለሌለ ፊቱን ነበር የማየው፤ ፊቱ ደግሞ እንደምታውቂው ምንም አይናገርም። ዝቅ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ቀና አለ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጫማውን አወለቀ! በገዛ መኪናው ውስጥ በካልሲ ገባ። ያውም አንደኛው ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል፤ ደንታም አልሰጠው።

«ማን ነው የሠራው?» አለኝ ከውስጥ ሆኖ።

ደረቴን ነፍቼ «ባለቤቴ ናት» አልኩት።

«እሱ ነው እንጂ፣ እኔ ቀለሙን ብቻ ነው» አለች እናትሽ።

«ቀለሙን ብቻ? ታዲያ ሌላ ምን ቀረ፣ እትዬ?» ብሎ ሳቀ። ጥርስ አለው ለካ!

ልጄ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይሄን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያን ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም። ስለ ራሴ አይደለም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ሳቋን አፍና እዚያ የቆመችውን ሴት አግብቼ ስለኖርኩ ነው የኮራሁት።

አሁን የኮስታራው ሌሎች መኪኖች ግቢውን ሞልተውታል። ፀጉር አስተካካዩም ተመልሶ መጣና እናትሽ የወይን ጠጁን ነገር አስተካከለችለት። የስፌት መኪናዋን አምጥተን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር ተክለናል። ደንበኛ ሲገባ እኔን በሰላምታ አልፎ «እትዬ የሉም?» ይላል። ቅር የሚለኝ እንዳይመስልሽ። ስለዚህ ስትመጪ ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ እንጂ የማሽን ገዥ አትፈልጊልን። ቁልፉንም አናስረክብም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይሄን ግን ለእሷ እንዳትነግሪያት። ቀለም በበጠበጠች ቁጥር ሳህኑን ወደ እኔ ታመጣና አጣቢዎቹ እየሰሙ «በቃው ወይስ ይጨመርበት?» ትለኛለች። እኔም ግንባሬን ቋጥሬ እመለከትና «ትንሽ ይጨመር» እላለሁ። ማንኪያዋን ጣሳው ውስጥ ሰደድ አድርጋ ትመልስና ታማስላለች፤ «አዎ፣ አሁን መጣ» ትላለች። ቀለም ባላይም ማንኪያው ባዶ መሆኑን አያለሁ።

በሰው አገር ክፉ አይንካሽ። በወጣሽበት በር በሰላም ግቢ። ለአንቺም ባዶ ማንኪያ የሚያማስልልሽ ሰው ይስጥሽ።

አባትሽ