ከእኔ ቀድሞ የደረሰው የእናታችን ብርድ ልብስ

ለእህቴ ለእትዬ ኦልዌን፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? በእናንተ በኩል ብርዱ የሚገባበት ወር ስለሆነ እንደ አምናው አልጋ ላይ እንዳያውልሽ ብዬ አስባለሁ። የባልሽ የራስል ሳል ለቀቀው ወይ? ልጅሽ ዱንካንስ አዲሱን ሥራ ለመደው? ኦክላንድ ሩቅ ነው፤ ሰው በጤና መኖሩን እንኳ የሚያውቀው ወረቀት ሲደርሰው ነው።

እኛ ሦስታችንም፣ እኔ፣ ባለቤቴ ማርጌድና ትንሿ ልጄ ሉኔድ፣ ከፓታጎንያ በደህና ተመልሰናል። ሱቁም እንደተውኩት ጠበቀኝ። በጎች በሚወልዱበት ሰሞን፣ ገበሬው መኖና ሽቦ ፍለጋ በር በሚደበድብበት ጊዜ ቆልፌ መሄዴን ግን የትሬጋሮን ሰው ገና ይቅር አላለኝም። አንዱ ደንበኛዬ ትናንት ገብቶ «ኢድወል፣ ከሞት የተነሳኸው ከፋሲካው ጋር ነው?» አለኝ። ሳቅሁለት። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ለምን እንዳላለፈ ልጻፍልሽ። ንዴት ያልተደረገ ነገር እንዳይጨምርብኝ ብዬ የዕለት ማስታወሻዬን አጠገቤ አድርጌያለሁ።

በጃንዋሪ የደወልሽልኝን ታስታውሻለሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ከሱቅ ወጥተህ ፀሐይ አይተህ ታውቃለህ? ሚስማር አይሻግትብህም! ለፋሲካ ዝጋውና ቤተሰብህን ይዘህ ልጅህን አይተህ ና» አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ ለማርጌድ፣ እህት ማለት እንዲህ ናት አልኳት። ትልቋ ልጄ ኔስታ ትምህርት ቤት ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ አንድ ዓመት ፓታጎንያ ሄጄ ድሮ በመርከብ ተሻግረው እዚያ የቀሩትን የእኛን ሰዎች የልጅ ልጆች ዌልስኛ ላስተምር ስትል የፈቀድኩላት፣ በሴፕቴምበር ተመልሳ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ልትማር ቃል ገብታልኝ ነው። ስለዚህ ደግሞ ልጄን በመካከሉ አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም ብዬ ተነሳሁ።

የምታስተምርበት ከተማ ጋይማን ስንደርስ ኔስታ አውቶቡሱ በር ላይ ጠበቀችን። ወፍራለች፣ ፀሐይ መትቷታል፣ አምሮባታል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለችኝ። ናፍቆት መሰለኝ። ዳቦ ልገዛ ገብቼ ኪሴን ስዳብስ ባለሱቋ «ከእርስዎ? በዚህ ሳምንት? አፍራለሁ!» ብላ እጄን መለሰችው። የአያቶቻቸው አገር ሰው ስለሆንኩ ነው ብዬ ተደሰትኩ። እኔ፣ በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ሲያጋጥመኝ ስፌቱን ገልብጬ የማየው ሰው!

ኔስታ የምታድረው ኦስቫልዶ ፕሪቸርድ በሚባል ባለበግ ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ እመቤት ለማለት «ዶኛ» የሚሏት እናቱ ዶኛ ኤርሚንያና ልጁ ኤልቪዮ አሉ። ኤልቪዮ ዝምተኛ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ወጣት ነው። ማቴ የሚሉትን የቅጠል መጠጥ በአንዲት ቅል አድርገው፣ በብረት ቱቦ እየመጠጡ ተራ በተራ ያዞራሉ። ለእኔ ሲሰጡኝ ጨዋ እንዳሳደገው ሰው «አመሰግናለሁ» እያልኩ እመልሳለሁ። በሁለተኛው ዙር ቅሏ አፍንጫዬ ሥር አልፋ ለማርጌድ ሄደች። በሦስተኛውም እንዲሁ። ምን አስቀየምኳቸው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አሮጊቷ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች። «ልጄ፣ እዚህ የሚያመሰግነው የበቃው ሰው ነው! የሚጠጣ ዝም ብሎ ይጠጣል» አለችኝ። ሉኔድ «አባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነቱ አከሰረው» ብላ ቤቱን አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ፣ እትዬ፣ እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ከጸሎት ስንመለስ ጓሮው በእሳት ተሞልቷል። ሦስት ጠቦት በብረት መስቀል ላይ ተወጥሮ ወደ ፍሙ ዘንበል ብሏል። ሉኔድ ጆሮዬ ላይ «ሦስት በግ ለእኛ? አድልበው ሊሸጡን ነው እንዴ?» አለች። እኔም በልቤ ጠቦቶቹን እየቆጠርኩ ነበር። ባለበግ ሰው ለእንግዳ አንድ ያርዳል። ሦስት የሚያርደው ለጉዳይ ነው። ቀጥሎ ሰዉ መምጣት ጀመረ፦ ሰባኪው፣ ጎረቤቱ፣ ያቺ ባለዳቦ፣ ሁሉም የክት ልብሱን ለብሶ። እኔን በጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጡኝ። በላሁ። ሥጋው የሚያስደንቅ ነበር፤ እንደዚያም አልኩ።

ከበላን በኋላ ኦስቫልዶ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። «ወንድሜ ኢድወል፣ ቅድመ አያቶቻችን ከእናንተ አገር በመርከብ ሲወጡ የተመለሰ የለም። ዛሬ አንተ በእግርህ መጥተህ ልጅህን ለልጄ ስትሰጥ ያ መንገድ ተመለሰ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ኔስታ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ማርጌድ ሹካዋን እንደያዘች ቀረች፤ እሷም እንደ እኔ እንዳልሰማች ያኔ ገባኝ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ያላወቅነው አባትና እናት ብቻ ነበርን።

ሁሉም አፌን ያያል። ተነስቼ «ማዕዳችሁ ይባረክ። ስለ ልጄ የምናገረውን ከልጄ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ እናገራለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ኦስቫልዶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የማውቅ መስሎት ነበር። ምስኪን፣ እሱንም አታለውታል።

ዶኛ ኤርሚንያ ነገሩን ልታበርድ እጄን ይዛ «ና፣ ቤታቸውን ላሳይህ» አለችኝ። ከጓሮው ወዲያ ኤልቪዮ በገዛ እጁ የሠራት ሁለት ክፍል ናት። አልጋው ላይ የእናታችን ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ከአባታችን የድሮ ኮትና ከአንቺ ቀይ ቀሚስ ቁርጥራጭ የሰፋችው፤ ማርጌድ ስንጋባ ለምናሽ «ከዚህ ቤት ከወጣ ነፍሴ ትወጣለች» ያልሻት። አሮጊቷ እያሻሸችው «አክስቷ ከኒውዚላንድ ላከችው፤ ከገና በፊት ደረሰ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያመሰገነችኝን ቃል ሁሉ አልሰማሁትም። ከገና በፊት፣ እትዬ። አንቺ ፀሐይ አይተህ ና ያልሽኝ ከገና በኋላ ነው።

ኔስታን በመስኖው ቦይ ዳር ይዣት ሄድኩ። አልጮህኩባትም። ማን መከረሽ አልኳት። አለቀሰችና «አባዬ፣ እኔ ልጽፍልህ ነበር። አክስቴ ናት ተይ ያለችኝ። ‹አባትሽ በስልክ ከሰማ እምቢ ይላል፤ አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ አይመለስም። የሰው ማዕድ ከበላ ግን ያበላውን ቤት አያሳፍርም፤ አንቺ ዝም በይ፤ ይምጣና ይብላ› አለችኝ» አለች። የአበሪስትዊዝ ቦታዋንም ትታዋለች። ይህንንም ታውቂያለሽ።

ሰላሳ ዓመት ስነግድ ተታልዬ አውቃለሁ። እርጥብ ሱፍ በደረቅ ዋጋ ገዝቻለሁ፣ ዕውር ፈረስ ተሽጦልኛል። ያታለለኝ ግን ሁልጊዜ የማያውቀኝ ሰው ነበር። አንቺ ያታለልሽኝ በደንብ ስለምታውቂኝ ነው። ሌላው ሰው ክብሬ ነው የሚለውን ነገር አንቺ እንደ ልጓም ያዝሽው።

በማግስቱ ጧት ኤልቪዮ አጥር ሲያጠብቅ አገኘሁት። ሽቦውን በሌላው ጫፍ ይዤ ሳብኩለት። «ለምን አልጻፍክልኝም?» አልኩት። «ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት ጌታዬ። ሰው የማያውቀውን ሰው ልጅህን ስጠኝ ብሎ በምን ይጀምራል?» አለ። «በስሙ ይጀምራል» አልኩት። ቀላ፣ ግን ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። አጥሩም ቀጥ ያለ ነው። እሺ አልኩት። ስለበላሁት ጠቦት አይደለም፣ ይህን እወቂልኝ፤ ጠቦቱን ሳልበላ ብጠየቅም እሺ የምለው ልጅ ነው። ያንን ማየት ትችይ ነበር። ሁለት ወር ቀድመሽ ብትነግሪኝ እናደድ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ እጮህ ነበር፣ ከዚያም መርከብ ሙሉ ስጦታ ይዤ እሄድ ነበር። በልጄ ድግስ ላይ ባዶ እጁን የተቀመጠ አባት አደረግሽኝ።

ለኔስታ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኳት። በጁላይ ትምጣና ለአያቷ፣ ለማርጌድ እናት፣ በራሷ አፍ ትንገራት፤ ከእንግዲህ በማንም አፍ እንዳትናገር።

ማርጌድ «ኦልዌን ለደግ ብላ ነው» ትለኛለች። አውቃለሁ። ለክፋት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ሂሳብ ዘግቼ አውቃለሁ። እትዬ፣ ከአንቺ ጋር አልቆራረጥም። የተታለለ ነጋዴም ወደዚያው ገበያ ይመለሳል፤ የጆንያውን አፍ ግን ፈትቶ ያያል። ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽ ሲጮህ አነሳዋለሁ፤ «ደህና ነህ?» ስትዪኝ ግን ከኋላው ምን አለ ብዬ እጠብቃለሁ። ያጠፋሽው ይህን ነው።

ሠርጉ በኖቬምበር ነው። አንቺም ትጠሪያለሽ።

ለራስል የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን በማር ያስታግስ። ዱንካንን ሳሚልኝ፤ አጎትህ ኮርቶብሃል በይው። ማርጌድ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሻለች። ሉኔድ ሰላም ብላ፣ ለአክስቴ የቀይ ቀሚሷን ቁራጭ አየሁት በልልኝ ብላለች። የእኔን ሰላምታ በወረቀት ልልክልሽ ሞክሬ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ኖቬምበር ላይ ጋይማን ስትመጪ፣ ፊትሽን አይቼ ከቻልኩ በእጄ እሰጥሻለሁ።

ወንድምሽ ኢድወል

ትሬጋሮን፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.